የመጨረሻው ተራ

በሃርማላ ከተማ ጠያቂ ሰው አይወደድም። ጎረቤትህ እግሩን ተሰብሮ በክራንች ሲያነክስ ብታገኘው፣ ራሱ እስኪያነሣው ድረስ ስለ አየሩ ታወራለህ እንጂ «ምን ሆነህ ነው?» አትልም። ሚስቱ ጥላው ሄዳ ከሆነ ደግሞ ስለ አየሩ ትንሽ ረዘም አድርገህ ታወራለህ። ይህን ጨዋነት ይሉታል። ብዙ ጊዜ በእርግጥም ጨዋነት ነው።

ካይስላና ቱርካ ግን ይህ ጨዋነት አልፈጠረባቸውም። ካይስላ ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው፤ ጓደኛዋ ቱርካ በጥቂት ወራት ይበልጣታል። ሁለቱም አንደኛ ክፍል ሳሉ የከተማዋ መርማሪ አድርገው ራሳቸውን ሾሙ። የቤተ ክርስቲያኑን ባንዲራ ማን እንደሰረቀው የደረሱበት እነሱ ናቸው፤ ነፋስ ነበር። ትምህርት ቤቱ ጣሪያ ላይ የሚሰማው ኮቴ የማን እንደሆነ ያወቁትም እነሱ ናቸው፤ ድመት ነበር። የካይስላ ታላቅ ወንድም አርቪ የጠፋውን የግራ ካልሲውን እንዲፈልጉለት በየጊዜው አቤቱታ ያቀርብላቸው ነበር። እህቱን «ቁንጫ» ነው የሚላት። ትንሽ ሆና የምትናከስ እሷ ብቻ ናት ይላል።

የመጨረሻው ጉዳያቸው የጀመረው ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ነው። አንድ ምሽት አረንጓዴ ብርሃን ከሰማይ ወረደና ሙስታ ሐይቅ ውስጥ ገባ። ድምፅ አልነበረውም። ግማሹ ከተማ በመስኮቱ አይቶታል። በማግሥቱ ሱቅ ውስጥ የተገናኘው ሰው ሁሉ ሌላው እስኪያነሣው ጠበቀ፤ ሌላውም እሱን ጠበቀ፤ እንዲህ ሲጠባበቁ ነገሩ ተረሳ። ሌላ አገር ቢሆን ጋዜጠኛው፣ ወታደሩ፣ ፎቶ አንሺው ይጎርፍ ነበር። ሃርማላ ግን ዳቦዋን ገዝታ ቤቷ ገባች።

መጀመሪያ የእነ ካይስላ ጎረቤት ውሻ ሐይቁ ውስጥ ሰጠመ። ከጥቂት ቀን በኋላ ደረቅ ሆኖ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ አልጮኸም፤ ክረምት ሙሉ ተጋድሞበት የሚውለውን የምድጃ ሥርም አልቀረበም። ባለቤቱ ደስ አለው፤ ድሮም በጩኸቱ ተማርሮ ነበር። ቀጥሎ የቱርካ አጎት ሱሎ ሰክሮ ከጀልባው ወደቀ። እሱም ተመለሰ፤ በእግሩ፣ ልብሱ ሳይርስ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጠጥ አልቀመሰም፤ ሚስቱን ኢርያን አልሰደበም፤ አጥሩን ጠግን ስትለው ይጠግናል። ኢርያ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሱቅ ውስጥ ስትስቅ ታየች። ማን ይጠይቃታል?

ከዚያ የአርቪ ተራ ደረሰ። አርቪ ሐይቁ ማዶ ባለው እንጨት መሰንጠቂያ ይሠራል። ውሃው ገና በረዶ መጋገር ሲጀምር፣ መንገድ ለማሳጠር ብሎ በእግር በሚገፋ ሸርተቴው በላዩ አቋረጠ። ፈላጊዎች ያገኙት ሸርተቴውንና አንድ የእጅ ሹራቡን ነው፤ ሁለቱም የተሰበረው በረዶ ጫፍ ላይ ነበሩ። እናቱ ሄልቪ አላለቀሰችም። ምድጃውን ስታነድ ሰነበተች፤ ቤቱ እስኪያፍን ድረስ አነደደች። ካይስላ ግን አልጋው ላይ ተኝታ ትራሱን እያሸተተች አለቀሰች። ሽታው አንድ ቀን እንደሚጠፋ ታውቅ ስለነበር፣ በስስት ነው ያሸተተችው።

ፍለጋው በቆመ ማግሥት በሩ ተከፈተና አርቪ ገባ።

ሄልቪ ጭልፋውን እንደያዘች ቆማ አየችው። ለረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ «ጫማህን አውልቅ። ሾርባ አለ» አለች። አርቪ ጫማውን አወለቀ። ማዶ ባለው የዓሣ አጥማጆች ጎጆ ውስጥ እግሩ ወለም ብሎት እንደተኛ ነገራቸው። ያ ጎጆ ከተቃጠለ ዓመታት እንዳለፉት የማያውቅ ሰው ሃርማላ ውስጥ የለም። «እንኳን ደህና መጣህ» ያላለው ግን አልነበረም፤ ጎጆውን ያነሣበትም አልነበረም። ካይስላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ቀዝቃዛ ነበር፤ ከብርድ የገባ ሰው መቼም ይቀዘቅዛል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የዕድሜዋ ምርጥ ሳምንታት ነበሩ። አርቪ ድሮ እንዳትነካበት የሚያስፈራራትን ሞተር ሳይክል ቁልፍ ጠየቀችው፤ ሰጣት። ድርሻውን ጣፋጭ ጠየቀችው፤ ሰጣት። የሒሳብ የቤት ሥራዋን ሥራልኝ አለችው፤ ቁጭ ብሎ ሠራላት። መጀመሪያ ሞት ያመለጠ ሰው ደግ ይሆናል ብላ አሰበች። በኋላ ለመሞከር ያህል የማይረባ ነገር ትጠይቀው ጀመር። ቆመህ ብላ፣ ኮትህን ገልብጠህ ልበስ። አደረገው። አርቪ እምቢ ማለት ጠፍቶበት ነበር። «ቁንጫ» ብሎ የጠራትም አንድም ቀን የለም።

ጠርጥር፣ አይጠፋም ከገንፎም ስንጥር እንዲሉ፣ ስንጥሩ የተገኘው ሳውና ውስጥ ነው።

የእነ ካይስላ ሳውና ከቤቱ ዝቅ ብሎ ሐይቁ ዳር ያለች፣ በእንፋሎት የሚታጠቡባት የእንጨት ክፍል ናት። ቅዳሜ ቅዳሜ ይነዳል፤ ሁሉም በተራ ይታጠባል። ሁሉም ከታጠበ በኋላ የመጨረሻው ተራ የማንም አይደለም፤ በድሮ ልማድ ለማይታየው የቤቱ ጠባቂ ይተዋል። ባልዲው ተሞልቶ፣ ጭልፋው አፉ ላይ ተጋድሞ፣ ፎጣ ታጥፎ ይቀመጥና በሩ ይዘጋል። እስኪነጋ ማንም አይከፍተውም። በጠባቂው የሚያምን ባይኖርም ባልዲውን ሳይሞላ የሚወጣ የለም።

አርቪ ከተመለሰ ወዲህ «እናንተ ቅደሙ፣ እኔ በመጨረሻ እገባለሁ» ይል ነበር። ሳውና አልገባም የሚል ሰው ሃርማላ ውስጥ ቢገኝ ሐኪም ይጠራለታል። በኋላ እገባለሁ የሚለውን ግን ማንም አይጎተጉተውም። አንድ እሑድ ጠዋት ካይስላ የረሳችውን ማበጠሪያ ፍለጋ ወረደች። ማታ ለአርቪ ተራ ሞልታ የተወችው ባልዲ እስከ አፉ ሙሉ ነበር። ጭልፋው እሷ ራሷ ባጋደመችው አኳኋን ተጋድሟል። ፎጣው ደረቅ፣ እጥፋቱም የራሷ እጥፋት። አርቪ ግን ማታ ፀጉሩ እርጥብ ሆኖ ነበር የገባው፤ ለካ በረዶ ቀብቶት ነው። በቀጣዩ እሑድም ወረደች፤ ከዚያም በቀጣዩ። ባልዲው ሁልጊዜ ሙሉ ነበር።

ለቱርካ ነገረችው። ቱርካ ለወትሮው በሁሉም ነገር የሚቀልድ ልጅ ነው፤ በዚህ ግን አልቀለደም። ኢርያ የሱሎን አልጋ ድንች የሚቀመጥበት ምድር ቤት እንዳወረደችለት ነገራት። ለምን ብሎ ሲጠይቃት «ልጄ፣ አንዳንዱን ነገር ማወቅ ለማንም አይበጅም» ብላ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችበት። ውሻው፣ ሱሎ፣ አርቪ። ሦስቱም ሙስታ ውስጥ ገቡ፤ ሦስቱም ሙቀት አይቀርቡም፤ ሦስቱም የተባሉትን ያደርጋሉ። የሚያገናኛቸው የወደቀው ብርሃን ነው።

«ከሐይቁ የወጡት እነሱ አይደሉም» አላት ቱርካ። «ሌላ ነገር ነው፣ እነሱን መስሎ የወጣ።»

«አጎትህ ስካሩን ስለተወ ነው እንዲህ የምትለው?»

«አጎቴ ድመት አይወድም ነበር። አሁን ኢርያ ድመቷን ያዛት ስትለው ሲመሽም ሲነጋም ይዟት ይቀመጣል። አስቀምጣት ካላለችው አያስቀምጣትም።»

ካይስላ ተቆጣች። ወንድሜን አውቀዋለሁ፣ ሽታው ራሱ የእሱ ነው፣ አንተ መርማሪ ሳትሆን ወሬኛ ነህ አለችው። ቱርካ ሁሉንም ችሎ ሰማ። ከዚያ በመጀመሪያው ተራ፣ ምድጃው እንደጋለ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ከአርቪ ጋር እንድትገባ ለመናት። አርቪ ከታጠበ ቱርካ ራሱ ሞኝ ነው፤ ወንድሟንም ይቅርታ ይጠይቃል።

ሞኝ እንዲሆንላት ጸለየች። ግን አንድ ሐሳብ ገብቶባት እንቅልፍ ነሣት። ይህ አርቪ ካልሆነ፣ እውነተኛው አርቪ አሁንም በረዶው ሥር ነው። ብቻውን ነው። ቤቱ ገብቷል ተብሎ ማንም አይፈልገውም። እሷ ራሷ ጣፋጩን እየበላች በሞተር ሳይክሉ ስትንሸራሸር ከርማለች። ይህን ሳታውቅ መኖር አልቻለችም። ብትችል ኖሮ ይሻላት ነበር፤ ይህን ያወቀችው ግን በኋላ ነው።

በቀጣዩ ቅዳሜ ሄልቪ በምትሠራበት የአረጋውያን ቤት ተረኛ ነበረች። ካይስላ ሳውናውን ራሷ አነደደች፤ ምድጃው ላይ የተከመሩት ድንጋዮች ውሃ ሲነካቸው እስኪንጫጩ አነደደች። አርቪ ግቢ ውስጥ ያለ ጓንት እንጨት ይፈልጥ ነበር።

«ዛሬ አብረን እንግባ» አለችው። «ድሮ እንደምናደርገው፣ ማን ይቆያል ብለን።»

ድሮ ላይኛው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ይፎካከሩ ነበር። ቀድሞ የወጣ በሐይቁ በረዶ ላይ ወደተቆረጠው ጉድጓድ ሮጦ ይነከራል። ሁልጊዜ የሚያሸንፈው አርቪ ነው። እሷ ፊቷ ቲማቲም ሲመስል «በቃሽ፣ ቁንጫ?» እያለ ይጨምርባታል።

«አንቺ ቅደሚ» አላት።

«አይ፣ ከእኔ ጋር። አሁን።»

መጥረቢያውን ግንዱ ላይ ሰካና አያት። «ትፈልጊያለሽ?»

«እፈልጋለሁ።»

ሌላ አልጠየቃትም። ፎጣ አገልድመው ገቡ። ላይኛው አግዳሚ ላይ፣ ትከሻው ትከሻዋን እየነካ ተቀመጠ። ካይስላ የመጀመሪያውን ጭልፋ ድንጋዩ ላይ ደፋች። እንፋሎቱ ተነሥቶ ሲያቅፋቸው አርቪ ዓይኑን ጨፈነ። ፊቱ ላይ ውሃ ኩልል ይል ጀመር። አየሽ፣ ያልበዋል፣ አለች በልቧ በደስታ። ሁለተኛውን ደፋች። ሦስተኛውን ስትደፋ ግን ዝቅ ብላ እጁን አየች። ጣቶቹ ቀጥነው ነበር፤ ጥፍር አልነበራቸውም።

ጥያቄው ከአፏ አመለጣት። «አንተ አርቪ ነህ?»

«አይደለሁም» አለ። ሲጠየቅ እምቢ ማለት አያውቅማ።

«እሱስ የት ነው?»

«ታች። በረዶው ከተሰበረበት ወደ ትልቁ ድንጋይ በኩል። አሸዋ ላይ ተኝቷል።»

«በሕይወት አለ?»

«የለም።»

ካይስላ ጭልፋውን እንደያዘች ቀረች። እሱ ረጋ ባለ ድምፅ፣ የጠየቀችው ሁሉ ተመልሶ እንዲያልቅ የፈለገ ይመስል፣ ቀጠለ።

«ከላይ ወደቅን። ታች ቀዝቃዛ ስለነበር ተመቸን። ከዚያ እሱ መጣ። እየለመነ ነበር፤ ቤት ልግባ፣ እማ ትጠብቀኛለች ይል ነበር። ለለመነን እንሰጣለን፤ ከዚያ ሌላ የምናውቀው ነገር የለም። እሱን ማስገባት አልቻልንም። እኔ ገባሁለት።»

«ውጣ» አለችው። «ተነሥ፣ ውጣ፣ በቃ!»

ለመታዘዝ ሞከረ፤ ግን የሚቆምበት እግር አልነበረውም። ካይስላ ብብቱ ሥር ገብታ ጎተተችው። በእጇ ላይ ቀለለ፤ እየቀለለ ሄደ። በሩን በርግዳ ወጥታ በረዶ በሁለት እጇ እያፈሰች አመጣች፤ ደረቱ ላይ፣ ፊቱ ላይ ከመረችው። ይቅርታ፣ ይቅርታ እያለች ነበር የምትከምረው። በረዶው እሱን ሳያድነው ራሱ ቀለጠ። ፊቱ ብቻ ሲቀር ዓይኑን ከፈተና በአንድ ጉንጩ ፈገግ አለ፤ እንደ ድሮው፣ ሊያናድዳት ሲል እንደሚያደርገው።

«በቃሽ፣ ቁንጫ?»

ይህን ማንም አልጠየቀውም ነበር። ከራሱ ነው ያለው።

ከዚያ ወለሉ ላይ የነበረው ውሃ ብቻ ነው። በሳንቃዎቹ መካከል ሰርጎ ወደ ሐይቁ ወረደ።

ሄልቪ ከሥራ ስትመለስ ልጇን እርጥብ ፎጣ ታቅፋ፣ በተከፈተው በር ሥር እየተንቀጠቀጠች አገኘቻት። ምን ሆነ አላለችም። ኮቷን አውልቃ አለበሰቻትና አጠገቧ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«አርቪ አልነበረም» አለች ካይስላ።

«አውቄያለሁ።»

«መቼ?»

«የገባ ቀን። በር ላይ።» ሄልቪ እጇን አየች። «አርቪ ጫማህን አውልቅ ሲባል በአንድ ቃል የሚያወልቅ ልጅ ነበር? ሃያ ጊዜ ሳልጮህበት? ወንድምሽ ሞቷል፣ ካይስላ። እኔ በልቤ ቀብሬዋለሁ። ይሄኛው ግን ማታ ማታ ወንበሩ ላይ ይቀመጥልኝ ነበር። ወንበሩ ባዶ አልነበረም።»

«ለምን አልነገርሽኝም፣ እማ?»

ሄልቪ ኮቱን አንገቷ ድረስ ሳበችላት። «አንቺም ያወቅሽ መስሎኝ ነበር። ሁላችንም አውቀን ዝም ያልን መስሎኝ።»

አልተቆጣቻትም። ብትቆጣት፣ በጥፊ ብትላት፣ ካይስላ ትንሽ ይቀላት ነበር። እናቷ ተነሥታ ባልዲውን ሞላች፤ ጭልፋውን አፉ ላይ አጋደመች፤ ሌላ ደረቅ ፎጣ አምጥታ አጠፈች። ከዚያ ሁለቱም ወጡና በሩን ዘጉ።

የሐይቁ በረዶ ሲቀልጥ ካይስላ ለፈላጊዎቹ በትልቁ ድንጋይ በኩል እዩ አለቻቸው። አሸዋው ላይ አገኙት። ክረምቱን ሁሉ ከእናቱ ጋር ሲበላ የታየ ልጅ እንዴት ከሐይቅ እንደወጣ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ቀብሩ ላይ ከተማው ሁሉ ተገኝቶ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ቡናውን ጠጥቶ፣ ስለ ጸደዩ አውርቶ ሄደ። በጋው ሲገባ ውሻው አንድ ቀን ፀሐይ ላይ ወጥቶ ቀረ። የምድር ቤቱ ቅዝቃዜም ለሱሎ አልበቃውም። ኢርያ መጋረጃዋን ዘጋች፤ ሱቅ መምጣትም ተወች።

ካይስላ ውሃው ዳር ብዙ ጊዜ ቆማለች። እንደ እሱ አድርጋ ለመነች፤ በሹክሹክታ፣ በጩኸት፣ እስከ ወገቧ ውሃው ውስጥ ገብታ። ለለመነን እንሰጣለን ብሎ አልነበር? የመለሰላት የለም። ታች የነበረውም ነገር ወይ ሞቋል፣ ወይ ሄዷል፤ ወይም በቂ ሰጥተናል ብሏል። አንዴ ተሰጥቷት በገዛ እጇ ያፈሰሰችውን ማን ደግሞ ይሰጣታል?

ቱርካ መርማሪነቱን ተወ። እሱ አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችውም። ይቅርታ ሊላት አንድ ሁለቴ አፉን ከፍቶ ያውቃል፤ የሚወጣው ግን ዝናብ ሳይመጣ አይቀርም የሚል ነው። አዎ፣ ደመናው ከብዷል ትለዋለች። ጎበዝ የሃርማላ ሰዎች ሆነዋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ሳውናው ይነዳል። ሄልቪ ባልዲውን ሞልታ፣ የአርቪን ፎጣ አጥፋ ትወጣለች። እሑድ ጠዋት ካይስላ እናቷ ሳትነሣ ቀድማ ትወርዳለች። ባልዲው ሙሉ ነው። ሁልጊዜ ሙሉ ነው። ጭልፋውን አንሥታ ግማሹን ውሃ በቀዘቀዙት ድንጋዮች ላይ ታፈሳለች፤ ፎጣውን ታረጥብና አጣጥፋ ሳይሆን ጣል አድርጋ ትተወዋለች፤ አርቪ እንደሚያደርገው። በሩን ዘግታ ትመለሳለች።

ትንሽ ቆይታ ሄልቪ ትወርዳለች። ባልዲውን ታያለች፤ ፎጣውን አንሥታ ትጨምቃለች፤ ገመዱ ላይ ታሰጣዋለች። ወደ ቤት ስትገባ ካይስላ ጠረጴዛው ላይ ጥቁር ዳቦ እየቆረጠች ትጠብቃታለች።

«ነፋሱ ጋብ ብሏል» ትላለች ሄልቪ።

«አዎ» ትላለች ካይስላ። «ጋብ ብሏል።»